ሞተሩ እስኪሞቅ

አጎቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ሶማሌ ተራ ጭነው ማለዳ ሞተር ሲያስነሱ ወዲያው አይነዱም። እስኪሞቅ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው የጅቡቲን መንገድ ከተማ በከተማ ያወሩታል።

በአርባ ዓመቴ «ጋሼ፣ ሱቄን ትቼ ሾፌር ልሁን እንዴ?» ብላቸው ሚስታቸው «ጎማ ሲተነፍስ አልቅሰሽ ልትነፊው ነው?» አሉኝ። እሳቸው ግን መሪው ጋ አስቀምጠውኝ ከጎኔ ተቀመጡ።

«በይ፣ እስኪሞቅ መንገዱን አንቺ ንገሪኝ።»

አይቼው የማላውቀውን አገር ዓይኔን ጨፍኜ አወራሁት። ከናዝሬት በቀጥታ አዋሽ ስገባ «ቀስ በይ እንጂ! መተሐራን የት ጣልሻት?» ብለው ሳቁ።

አጎቴ ካረፉ በኋላ ሱቄን ለእህቴ ትቼ የከባድ መኪና ሥልጠና ጀመርኩ። ዛሬ ማለዳ የማሠልጠኛው መኪና እስኪሞቅ ዓይኔን ጨፍኜ መንገዱን ሳወራ ሆን ብዬ መተሐራን ዘለልኳት። «ቀስ በይ እንጂ!» ያለኝ የለም። ጥቂት ጠበቅኩና፣ ራሴው ተመልሼ በመተሐራ አለፍኩ።