ተቃጠለ የተባለው ቻርጀር

በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ቀን በጸጥታ ተደምጬ አላውቅም። ቦታው ግን ክፍል አልነበረም፤ መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ያለ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ስለ ቮልት አስረዳሁ፣ ስለ አምፒር አስረዳሁ፤ ባለሱቁም፣ ባለቤቴም፣ በሩ ላይ የቆሙትም ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡኝ። እኔም ጎበዝ አስተማሪ ስለሆንኩ መሰለኝ።

ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ነፍሰ ጡርም ነበርኩ፣ ሆዴ ገፍቷል። ከዚያ በፊት የነበረውን ፅንስ ያጣሁት ወደ አባቴ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ስለነበር፣ ባለቤቴና ታላቅ ወንድሜ ተማክረው እስክትወልጂ መኪና ላይ አትወጪም ብለው ፈርደውብኝ ነበር። አባቴ ከአጅባር ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአካባቢው ልጆች ቁርኣን ሲያቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ እሳቸው ለመሄድ ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ በኩታበር አድርጎ አጅባር፣ ከዚያ ደግሞ የወንድሜ አይሱዙ እያቃሰተ የሚወጣው ዳገት አለ። ክረምቱ ሲወጣ አባቴ አልጋ ያዙ። ልሂድ ባልኩ ቁጥር ሁሉም የሚያዩት ሆዴን ነው። ስለዚህ ከአባቴ የቀረኝ ድምፃቸው ብቻ ነበር።

ድምፃቸውንም የማገኘው በወንድሜ ስልክ ነው። መንደሩ መብራት የለውም። ወንድሜ ድሮ የነበረችው ባለ ቁልፍ ስልክ አንዴ ከተሞላች ሳምንት ትቆይለት ነበር። አባታችን ፎቶዬን እንዲያዩ በጣት የሚነካውን ታች ስልክ ግዛ ብዬ የነዘነዝኩት እኔ ነኝ፤ ታች ስልክ ደግሞ በየቀኑ ካልተሞላ እንጨት ነው። እሱም ሲመሽ መኪናውን ደጃፍ ያቆምና ከሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ ሰክቶ ይሞላዋል፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይደውልልኛል። አባቴ የሚጀምሩት ሁልጊዜ በዱዓ ነው። ለእኔ፣ ለሆዴ፣ ለባለቤቴ፣ አልፎም ለሚያስቸግሩኝ ተማሪዎች ዱዓ ያደርጋሉ። ከዚያ ዛሬ ምን አስተማርሽ ይሉኛል። አንድ ማታ ብርሃን ውኃ ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚሰበር ብነግራቸው፣ ሱብሃነላህ፣ ይኸን ሁሉ እንዴት ደረስሽበት ብለው እኔ ያገኘሁት አስመሰሉት። አላረምኳቸውም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እያደር ድምፃቸው ሲሳሳ ይሰማኝ ጀመር። ወንድሜን ስጠይቀው ብርድ ነው ይለኛል።

አንድ ማታ ስልኩ ሳይጮህ ቀረ። ብደውል ዝግ ነው። በማግስቱ ባለቤቴ፣ ወንድሜ ከአጅባር በሰው ስልክ እንደደወለለት ነገረኝ፤ የመኪናው ቻርጀር ተቃጥሏል፣ ስልኩም ሞቷል፣ አባባ ግን ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ለምን ለእኔ አልደወለም አልኩ። ክፍል ውስጥ ነሽ ብሎ ነው አለኝ።

አመንኩ። ማመን ብቻም አይደል፣ ለምን እንደተቃጠለ ራሴ አወቅኩለት። የሚኒባስና የቤት መኪና ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ የእሱ የጭነት መኪና ግን ሃያ አራት። ገበያ የሚዞረው ርካሽ ቻርጀር አብዛኛው ለአሥራ ሁለቱ የተሠራ ስለሆነ፣ አይሱዙ ላይ ሲሰካ ጥቂት ቀን ይንገታገትና ይቃጠላል፤ አንዳንዴም ስልኩን ይዞት ይሄዳል። ወንድሜ ከመንገድ ዳር ገዝቶ ነው ብዬ ደመደምኩ። ባለቤቴም እውነትሽን ነው አለኝ። ለውሸታቸው ማስረጃውን ያቀረብኩላቸው እኔው ነኝ፤ እነሱ እንኳ እንዲህ አሳምረው አላሰቡትም ነበር።

ሌላም ማታ እንዲሁ አለፈ። ከዚያ ወዲያ መታገሥ አልቻልኩም፤ ደህናውን መርጬ እኔ ራሴ ልላክለት አልኩ።

በዚያ ቀን ከትምህርት በኋላ ግምገማ ነበረብን። የዚያን ዘመን ግምገማ ያየ ያውቀዋል፤ አንድ ለአምስት ተደራጅተን እርስ በርስ ድክመት እንቆጣጠራለን፣ የታመመም ቢሆን አይቀርም። ርእሰ መምህሩ ግን ገና ስገባ አንቺ ሂጂ፣ ዕረፊ አሉኝ። የሆዴ ክብር ነው ብዬ ወጣሁ። በር ላይ ባለቤቴ ቆሞ ይጠብቀኛል። በጋብቻችን ዘመን ትምህርት ቤት በር ላይ መጥቶ አያውቅም። ወደ መናኸሪያው ሄደን ቻርጀር እንግዛ ስለው እሺ አለ።

ባለሱቁ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ በከተማው በዋጋ ክርክር የሚችላቸው የለም፤ ገዢው አንድ ብር አስቀንሶ ከወጣ የሚያማቸው ይመስላል። ያን ቀን ብድግ ብለው ወንበራቸውን ሰጡኝ። ያላቸውን የመኪና ቻርጀር ሁሉ ዘረገፉልኝ። የመጀመሪያው ላይ የተጻፈው አሥራ ሁለት ቮልት ብቻ ስለነበር ወዲያ አልኩት። ሁለተኛው ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አራት ይላል፣ ሲያነሱት ግን እንደ ባዶ ክብሪት ቀፎ ይቀላል፤ ውስጡ ምንም የሌለው ዕቃ ላዩ ላይ የፈለገውን ቢጽፍ ምን ዋጋ አለው ብዬ ተሳለቅኩ። ሌላው ደህና ነበር፣ የሚሰጠው ግን ግማሽ አምፒር ነው፤ ታች ስልክ በዚያ ቢሞላ ከሚጠጣው የሚያፈሰው ይበልጣል። በመጨረሻ ከበድ ያለ፣ ጫፉ ላይ ያለው ስፕሪንግ ጠንካራ፣ የራሱ ፊውዝ ያለው፣ ለሃያ አራት ቮልት የሚሆንና ሁለት አምፒር የሚሰጥ አገኘሁ። ይህንን ሁሉ የምናገረው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እየጠቆምኩ ነው። ማንም አላቋረጠኝም።

ሳልሞክር አልገዛም አልኩ። ከሱቁ ፊት ስንዴ የሚያራግፍ አይሱዙ ነበር፤ ሾፌሩ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በሩን ከፈተልኝ። የባለቤቴን ስልክ ሰካሁበት። ሞቅ ይላል፣ መፋጀት ግን የለበትም፣ የላስቲክ ሽታም ካለው ውሰዱልኝ ነው የምትሉት እያልኩ መዳፌን ላዩ ላይ አድርጌ ስጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ ከእጄ መንትፎ ነቀለውና ከመኪናው ጀርባ ሄዶ በሹክሹክታ አወራ። ሙከራዬን አበላሸህብኝ ብዬ ተቆጣሁት። ሲመለስ ዓይኔን አላየኝም።

ዋጋ ስጠይቅ ባለሱቁ የፈቀድሽውን ስጪ አሉኝ። ዛሬ ምን ነካዎት ብዬ ቀለድኩባቸው፤ መሬት መሬቱን አዩ። ዕቃውን በማግስቱ ማለዳ ወደ ደሴ ለሚወጣው ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። እንደ ደንቡ የተቀባዩን ስልክ ቁጥር ልጽፍበት ብዕር ሳወጣ፣ ግዴለም አለና ተቀብሎ ከፊቱ አስቀመጠው። ቁጥር ሳይይዝ ለማን ሊያደርስ ነው ብዬ አላሰብኩም። ያን ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ፤ ነገ ከነገ ወዲያ አባቴን ስለማገኛቸው የምነግራቸውን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ለባብሶ ነበር። ግቢው ውስጥ ሰዎች ቆመዋል፤ የሰፈራችን መስጊድ ሼህ፣ ርእሰ መምህሩ፣ እኛ ቅሬ የምንለው የዕድራችን ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው ደግሞ ጋቢያቸውን አጣፍተው ባለሱቁ። እሳቸውን ሳይ ቻርጀሩ እንከን ተገኝቶበት ሊመልሱልኝ የመጡ መሰለኝ። እስከዚያ ድረስ ነበር ሞኝነቴ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ሼሁ። «ልጄ፣ አባትሽ ትናንት ወደ አኼራ ሄደዋል። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።»

ትናንት መቼ አልኩ። ጠዋት። ቀብሩስ? ከአስር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ቆጠርኩት። እኔ የመኪና በር ተደግፌ ቻርጀር ጋለ አልጋለ እያልኩ መዳፌን ስዘረጋ፣ እነሱ እዚያ አፈር እየመለሱ ነበር። የባለቤቴ ስልክ ላይ የደወለው ወንድሜ ነው፤ ጨረስን ሊል። ሰው እንባዬን ይጠብቃል፣ እኔ ግን አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነበር። ለእነዚያ ሰዎች ነው ስለ ቮልት ያስተማርኩት። ከሐዘኑ ቀድሞ የያዘኝ ውርደት ነው፤ ይህንን ለመናገር አላፍርም።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ ነፍሰ ጡርን እንደማያስደነግጡ አውቃለሁ፤ እኔም ለሌላ ሰው ደብቄ ሽማግሌ ተከትዬ ሄጃለሁ። የሞተን መደበቅ ደንብ ነው። ከእኔ የደበቁት ግን አባቴ በሕይወት እያሉ ነው። ደግሞም ለሆዴ ያ ሁሉ የተፈራው መንገድ ያን ማለዳ አልተፈራም። ፍራሽ ተነጥፎልኝ፣ ትራስ ተደግፎልኝ፣ ሚኒባሱ ቀስ እያለ ወሰደኝ። በሕይወት ላሉት ያልተገኘው ፍራሽ ለሞቱት ተገኘ። የላክሁት ቻርጀር ሾፌሩ ፊት እንደተቀመጠ ከእኔው ጋር ተጓዘ፤ ስንወርድ ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ወንድሜ ደጃፍ ተቀበለኝ፤ ተቃቅፈን አለቀስን። በማግስቱ ለቅሶኛው ሲበዛብኝ ትንሽ ብቻዬን ልሁን ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ወደ አይሱዙው ሄድኩ። በሩን ስከፍት የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ ቻርጀር ተሰክቷል። ከባድ ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ለሃያ አራት ቮልት የተሠራ። ቀይ መብራቱ ይበራል። ከገመዱ ጫፍ የወንድሜ ስልክ ተንጠልጥሏል፤ ሞልቷል።

ወንድሜ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ይህ አልተቃጠለም አልኩት። 

«እታለም፣ ሆድሽን ፈርቼ ነው» አለ። «ድምፃቸው ሰልሎ ነበር። ብትሰሚያቸው ተነስተሽ ትመጪ ነበር።»

«አዎ፣ እመጣ ነበር» አልኩት።

ሌላ ምን ልበለው? ልጄ በጊዜው በሰላም ተወለደ፤ ዛሬም ድረስ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ልጁን አምጥተው እንደ ምስክር ፊቴ ያቆሙብኛል። ባለቤቴ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ስልኩ ተዘግቶ ባትሪ ጨርሼ ነው ሲለኝ ግን እስካሁን አላምነውም። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ለእኔ የተነገረው ግን አልቀለለልኝም።

ያን ቀን መኪናው ውስጥ ሆኜ ወንድሜን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ እኔን አላነሱም ወይ አልኩ። ወንድሜ ገብቶ መሪው ላይ ተቀመጠ። በሁለቱም ማታ ከመግሪብ በኋላ ልጄ ዛሬም አልደወለችም ወይ ብለውታል። እሱም ማልቀሴን ፈርቶ፣ የእሳቸውንም ሆድ እንዳያባባ ፈርቶ፣ ቻርጀሩ ተቃጥሏል አላቸው።

«ታዲያ ምን አሉ?»

«ለእሷ ንገራት አሉኝ። እሷ የዚህን ነገር ታውቃለች፣ ደህናውን መርጣ ትልክልሃለች አሉ።»

የመረጥኩትን ቻርጀር ከቦርሳዬ አወጣሁ። የወንድሜን ነቅዬ በቦታው ሰካሁት፤ መብራቱ በራ። ያንን ውሸት ያመንነው አባቴና እኔ ብቻ ነበርን።