ለወንድሜ ያስመረመርኩት ልብ

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ማክሰኞ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታምራት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆሞ ጫማውን አሰረ። ጫማው አልተፈታም ነበር። ትንፋሹን ሊሰበስብ ነው። ዘዴውን አውቀዋለሁ።

በልጅነቱ ጉሮሮውን ያመው ነበር። ቀጥሎ ጉልበቱ ያብጣል። ቤተሰቦቻችን «እያደገ ነው» ይሉ ነበር። አምና ከሩጫ ልምምድ በኋላ ደም የቀላቀለ አክታ ተፋ። ሆስፒታል አብሬው የሄድኩት እኔ ብቻ ነኝ። ልቡ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ታየ።

«ሪውማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ ከጉሮሮህ ሕመም የተነሳ» አለ ዶክተሩ። «የልብህ በር፣ ቫልቩ፣ ጠብቧል። መራመድ ትችላለህ፤ መወዳደር አትችልም። እንዳይብስብህ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየአራት ሳምንቱ ትወጋለህ።»

ሁለት ጊዜ ተወግቶ ተወው። መርፌው ከልምምድ ያስቀረኛል አለ። ስለ ሕመሙ ለአባታችን እንዳልናገር አስማለኝ።

ማንም አላስገደደውም። የሚያናድደኝ ይህ ነው። አምና በአምስት ሺህ ሜትር ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። «እኔን ያመመኝ ሁለተኛ መውጣት ነው፤ ሌላ ሕመም የለብኝም» ይለኝ ነበር። እኔም ሞኙ አመንኩት።

ለዞኑ ውድድር የጤና ምርመራ ያስፈልጋል። መልካችን አንድ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በከተማችን በቦንጋ ጤና ጣቢያ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ያልኩት እኔ ነኝ። ሲስተሯ ደረቴን አዳመጠች።

«ይሄ ልብ ሳይሆን ጄኔሬተር ነው። ቦንጋን እንዳታሳፍራት» አለችና ፈረመች።

ታምራት ውጭ ይጠብቀኝ ነበር። ወረቀቱን አነበበ። «አየህ? ጤነኛ ነኝ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ረቡዕ ሮጠ። ስምንተኛው ዙር ላይ ይመራ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ወደቀ። አልተነሳም። ሆስፒታል ስንደርስ አልፏል አሉን።

ሐሙስ ቀበርነው። ለቅሶ ቤት «ጀግና ነበር» ይላሉ። ይህን ቃል ስሰማ ጥዬ መውጣት ያምረኛል። የስፖርት መምህራችን ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ምርመራውን እኮ አልፎ ነበር፣ ጋሼ» አለው አባቴን።

«ታዲያ ይቺ የፈረመችው ሴትዮ ምን አዳመጠች?» አለ አባቴ።

«ልጁን የገደለችው እሷ ናት» አለ አንድ ጎረቤት። እኔ ለቀስተኞችን እያስታጠብኩ በእጃቸው ላይ ውሃ አፈስስ ነበር። ማፍሰሴን ቀጠልኩ።

እንዲህ ያለ ታማሚ ያላችሁ፣ ጉሮሮ ታሞ መገጣጠሚያ ሲያብጥ «እያደገ ነው» አትበሉ። መርፌው ያማል፤ ግን አይቋረጥ። ሯጭ ከሆነ «አይዞህ፣ ትችላለህ» ከማለታችሁ በፊት ዶክተሩ ምን እንዳለው ጠይቁት። ምስጢር ጠብቅልኝ ቢላችሁ ለአባቱ ንገሩ፤ ይኮርፋችሁ፣ ኩርፊያ ያልፋል። ዶክተሩን አመሰግነዋለሁ፤ እውነቱን በግልጽ ነግሮናል። ያልሰማነው እኛ ነን።

ዓርብ ጠዋት ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ጋቢውን ደርቦ ተነሳ። ጤና ጣቢያ አብረን ገባን።

«ማክሰኞ ያዳመጡት ልብ የእኔ ነው» አልኳት ሲስተሯን።

መዝገቡን ገለጠች። ጣቷ የታምራት ስም ላይ ቆመ።

«ያንተስ ስም ማን ነው?» አለችኝ።

አባቴ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ ስሜን ነገርኳት።