በዓይን የተለካው ቀሚስ

አልፈራችም የሚሉሽን እንዳታምኚ። ያን ሰማያዊ ሐር ስትቆርጥ መቀሱ ራሱ ጥርሱን ያፋጭ ነበር። ሰፊዋን ነው የምልሽ፣ ሜትሩን እንደ ሐብል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገበያ የምትወጣውን።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ልብስ ስፌት ቤት ስትሠራ፣ ሰው ከበር ሲገባ ወገቡን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። ግን ትንፍሽ አትልም። ባለሱቋ «ሆድሽን ተይው፣ ሜትሩን እመኚ» እያለች ነው ያሳደገቻት። እሺ እትዬ፣ አቤት እትዬ። ወንበር ቢመታት ወንበሩን ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት።

ታዲያ አንድ ቀን ባለሱቋ ክር ልትገዛ ወጣ ስትል፣ ባሏ ሰማያዊ ሐርና ብጣሽ ወረቀት ይዞ ከች።

«ለሚስቴ ቀሚስ ስፊልኝ። ድንገት ልሰጣት ነው፣ እንዳትነግሪያት።»

ወረቀቱን አየችው። ወገብ፣ ስልሳ ስድስት። ስልሳ ስድስትማ የባለሱቋን አንድ ጭን ከዞረም ተመስገን ነው።

«የሱቁን ምልክት ደግሞ አንገቱ ላይ አትስፊበት፣ የኔ እህት» አላት ሲወጣ።

ያኔ ጠረጠረች። ወንድ ልጅ ልክ አያውቅም ብላ ራሷን ልታባብል ሞከረች፤ ሆዷ እንቢ አለ። ከተሳሳተች ሐሩም እንጀራዋም አብረው ተቀደዱ ማለት ነው። ሁለት ቀን ጨርቁን አልነካችውም። በሦስተኛው ወረቀቱን አጣጥፋ የሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር ወሸቀችው። «ለሚስቴ አይደል ያለው» አለችና በባለሱቋ ገላ ልክ ቆረጠችው፣ ያለ ሜትር። ምልክቱንም በድርብ ክር ሰፋችበት። ባልዬው እንደተጠቀለለ ወሰደው።

በሳምንቱ ባለሱቋ ባለችበት መቃ የመሰለች ልጅ ቀሚሱን ታቅፋ ገባች።

«ምልክቱን አይቼ ነው የመጣሁት። እጮኛዬ ነው የሰጠኝ፣ ግን ድንኳን ሆነብኝ። ታጠብቡልኛላችሁ?»

ሰፊዋ ክው አለች። ጠርጥራ ነበር እንጂ እጮኛ ድረስ አልሄደችም። አንገቷን ደፍታ፣ የደንበኛ መጋረጃ ልትሰፋ ማሽኑን መርገጥ ጀመረች።

«እጮኛሽን አሳዪኝ እስቲ» አለች ባለሱቋ፣ ለጨዋታ ያህል። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ዘረጋችላት።

ፎቶው የራሷ ባል ነው። ባለሱቋ ቀሚሱን ተቀብላ ልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ገባች፤ ለብሳው ወጣች። ልክክ፣ ቆዳዋ ላይ የተሰፋ ይመስል።

ልጅቷ ያገኘችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። «ሚስቱ... ነዎት?»

«ሃያ ሦስት ዓመቴ» አለች ባለሱቋ። ወደ ሰፊዋ ዞረች። «በምን አወቅሽ?»

«በሆዴ።» እትዬ የለ፣ ይቅርታ የለ።

«ነይ እስቲ ወዲህ፣ ልሳምሽ።»

ሰፊዋ ብድግ አለች፤ የደንበኛው መጋረጃ ተከትሏት ተነሣ። ለካ በድንጋጤ ስትረግጥ የገዛ ጉርዷን ከመጋረጃው ጋር ሰፍታው ኖሯል። አንድ እርምጃ ስትል ጉርዱ ወለቀ፣ የውስጥ ልብሷ ለአደባባይ። መቀስ አንስታ የፈታቻት ያቺው እጮኛ ናት፣ እንባዋን ሳትጠርግ።