ለሁሉም እሺ ያለችው

ሥራ ላይ አርፎ መቀመጥ አልሆነልኝም። ሴንት ፖል ከሚባል የአሜሪካ ከተማ አጠገብ ባለ የጽንስ ማቋረጫ ክሊኒክ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ግን ጃኬቴ ነው። ያን ቀን ደግሞ ከሌላ ስቴት መኪና ነድተው የመጡ ሴቶች ማረፊያ ክፍሉን ሞልተውታል። ደጅ የቆሙት ተቃዋሚዎች ጩኸት በመስኮት ይገባል። ሐኪሟ በየደቂቃው በሩን ገርበብ እያደረገች “ጨረሳችሁ?” ትላለች። እግሬ መሬት አልረግጥ አለኝ።

ፊቴ የተቀመጠችው ወጣት ብሉሚንግተን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳ ያገሬ ልጅ ነበረች። አማርኛ የምትናገር ሴት ስትመጣ ወደ እኔ ይልኳታል። ጽንሱን ለማቋረጥ ወስና ነው የመጣችው፤ የእኔ ድርሻ ከዚያ በኋላ የወሊድ መከላከያ ትፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

“ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ አለ፤ ዛሬውኑ አብሮ ይገባልሻል” አልኳት።

“እሺ ሲስተር።”

ቶሎ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ሌሎቹንም መንገር ስላለብኝ ቀጠልኩ። “ክንድ ውስጥ የሚቀበርም አለ።”

“እሺ።”

“በየሦስት ወሩ የምትወጊው መርፌም አለ።”

“እሺ ሲስተር፣ እሱም።”

ሦስቱንም አንድ ላይ የሚፈልግ ሰው የለም። እኔም እዚህ አገር ስመጣ ለአለቃ፣ ለአከራይ፣ ለሐኪም እንዲህ ያለ እሺ ስል ኖሬያለሁ። ጃኬቴን አንስቼ ተቀመጥኩ።

“ምንም አልፈልግም ብትዪስ?”

መሬት መሬት አየች። “እንደሱ ካልኩማ አትሠሩልኝም።”

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ። የመጣችበትን ለማግኘት ስትል ያልፈለገችውን ልትሸከም ነበር፤ እኔም እየተጣደፍኩ ላሸክማት። “ወሰድሽም አልወሰድሽም ይሠራልሻል” ብዬ ደጋግሜ ነገርኳት።

“እንግዲያው ይቅርብኝ” አለች፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነበር። መጥቶ “ውጪ!” የሚላት ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች።

እውነቱን ለመናገር፣ መከላከያ እንድትወስድ ልለምናት ቃጥቶኝ ነበር። መኪና የላትም፤ ከሥራም እንደ ልብ አያስወጧትም። ዛሬ ካመለጣት መቼ ተመልሳ ልትመጣ ነው? አፌን ይዤ ወጣሁ።

ሌሎቹን ሳስተናግድ ሐሳቤ እሷው ጋ ቀረ። አልቆላት፣ ማገገሚያ ክፍል ሆዷ ላይ ማሞቂያ አድርጋ ጋደም ብላ ሳለ በዚያ ሳልፍ ጠራችኝ።

“ሲስተር፣ ያ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ ላውጣው ስል ማንን አስፈቅጄ ነው?”

“ማንንም።”

“እርስዎንም?”

“እኔንም።”

ተነሥታ ቁጭ አለች። “እንደሱ ከሆነ እሱን ያስገቡልኝ።”

ዕቃዬን አሰናድቼ፣ እንደ ልማዴ እየተጣደፍኩ ግራ ክንዷን ስይዝ መንጭቃ አስለቀቀችኝ።

“ኧረ ሲስተር! ግራኝ ነኝ፣ በሱ እኮ ነው የምሠራው! በዚህኛው ያርጉልኝ” ብላ ቀኟን ዘረጋችልኝ።

ስትቆጣኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ።