ስሙን ያልጠራው ጥሩምባ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ነፍስ አባቴም አያውቁም፤ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ እፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን እየለቀምኩ ስዘረግፍ፣ ይህችን ግን ይዣት ሄጄ ይዣት እመለሳለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ደፍሬ አይደለም። እናንተ ስለማታውቁኝ ነው። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ይቀላል፤ እሱም ራሱ አንድ ፈሪነት ነው።

እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ የአንድ ሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ሲኒማ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ ተዋናዩ ምን እንዳለ የማይሰማበት፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ በየስንጥቁ የሚገባበት አዳራሽ ነው። ባለቤቱ የሚኖረው ባሕር ዳር ነው። ትኬት የምቆርጠው እኔ፣ ጀነሬተር የማስነሳው እኔ፣ ሰው የምጠራውም እኔ ነኝ። ሰው መጥራት ደግሞ እችልበት ነበር። ለቡሄ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ የፊልሙን ስም ግጥማቸው መሃል አስገብቼ ሰፈሩን ሁሉ አስቄአለሁ። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኜ፣ የተዋናዩን አነጋገር እያስመሰልኩ ገበያውን ዞሬዋለሁ። "አስናቀ ከፈለገ ሬሳም ቢሆን ሲኒማ ያስገባል" ይሉኝ ነበር። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጎረምሳው ዘመተ፤ የቀረው ሰው በር ዘግቶ ሬዲዮ ላይ ተደፋ። ስልክ ተቋረጠ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማታው ፊልም ቀረና የከሰዓቱ ብቻ ተረፈን። ሞንታርቦም ከመንግሥት ሥራ በቀር ያለ ፈቃድ ተከለከለ። እኔ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልሆነልኝም። "ለዘማች ቤተሰብ መግቢያ በነጻ" ብዬ ለጠፍኩ። ማንም አልመጣም። ልጁ የት እንዳደረ የማያውቅ ሰው በምን አንጀቱ ፊልም ያያል? ባለቤቱ ሰው ልኮ፣ አዳራሹ እንዲህ ባዶ ከሰነበተ ለእህል መጋዘን እንደሚያከራየው አስታወቀኝ። ፈራሁ። የፈራሁት ለእንጀራዬ ብቻ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ጠርቼ እምቢ መባሌ ነው የከነከነኝ።

በሲኒማው በር ላይ እትዬ የሻረግ ቆሎ ይሸጣሉ። እኔ እዚያ ሥራ ስጀምር ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ያላቸው አንድ ልጅ ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ሊዘምት ሲል ወደ እኔ መጣና እጄን ይዞ "አስናቀ፣ እናቴን አደራ" አለኝ። እኔ አለሁ አልኩት። ትከሻውንም መታ መታ አደረግኩለት። ይህን ሁሉ አደረግኩ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ፤ ሥራዬ የምለው ያደረግኩትን ነው። በእኛ ከተማ ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ነፍቶ ሲያበቃ መጀመሪያ የሟቹን ስም ይጠራል፤ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ስም የሚቀድመው በከንቱ አይደለም። ሐዘኑ የማይመለከተው ሰው ቶሎ ልቡ እንዲመለስለት ነው። የእኛን እድር ጥሩምባ የሚነፉት ጋሼ ሞላ ነበሩ። ጥሩምባውን ከከንፈራቸው ሳያወርዱ ነው ስም የሚጠሩት እየተባለ የሚቀለድባቸው ሰው ናቸው። ሌላው ነገራቸው ሲኒማ መውደዳቸው ነበር። ሁልጊዜ በነጻ አስገባቸው ነበር፤ ከኋላ ወንበር ይቀመጡና እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ያያሉ።

ያን ሰሞን የአንድ ወታደር ታሪክ የሆነ ፊልም መጥቶልኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ወታደሩ ይሞታል። እናም አንድ ጠዋት፣ የእውነት የለቅሶ ጥሩምባ ሲነፋ ሰዉ በየበሩ ብቅ ሲል አየሁና ሐሳቡ መጣልኝ። በዚህች ከተማ የቀረ፣ ሰው ሁሉ የሚወጣለት ድምፅ ይህ ብቻ ነው አልኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ሰው ደረቱን ይዞ ሲወጣ እያየሁ እኔ ትኬት አሰብኩ።

ጋሼ ሞላ መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ። "ልጄ፣ ይኸ የሙት ዕቃ ነው። ለጨዋታ አይነፋም" አሉኝ። እኔ ግን የነጻ ወንበራቸውን ሳልጠቅስ ጠቀስኩባቸው፤ ይሉኝታ እንደሚይዛቸው አውቃለሁ። እሱም አልበቃ ሲለኝ፣ የእድሩን ዳኛ አስፈቅጃለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። ዳኛውን ጨርሶ አላናገርኩትም። ከዚያ ምን ብለው እንደሚለፍፉ ቃል በቃል ነገርኳቸው። "ዘማቹ ልጃችን አርፏልና፣ ስምንት ሰዓት ሲኒማ ቤቱ ተገኙ።" በቃ፣ ይኸው ነው። የፊልሙን ስም አይጥሩ አልኳቸው።

"የሟቹንስ ስም?" አሉ ጋሼ ሞላ።

"እሱንም አይጥሩ። ስሙ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሰው መጥቶ ያነበዋል።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ስሙን አይጥሩ ያልኩት። ሳላስብ ነው እንዳልላችሁ፣ በደንብ አስቤበታለሁ። ስም ከተጠራ አንድ ቤት ብቻ ይደነግጣል። ስም ካልተጠራ ልጅ ያዘመተ ሁሉ ይደነግጣል፤ ሁሉም ይመጣል። የማስታወቂያው ብልሃት እሱ ነበር። እናንተ ብትሆኑ ይህን ያሰበ ሰው ምን ትሉታላችሁ?

በማግስቱ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ጥሩምባው ተነፋ። እኔ የአዳራሹን በር ከፍቼ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የበር ድምፅ ነው፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ከዚያ እሪታ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዳንዷ በባዶ እግሯ፣ አንዳንዷ ሊጥ በእጇ እንደተለጠፈ ቁልቁል ወረዱ። ማን ነው፣ የማን ነው ይባባላሉ። የሚመልስ የለም። ጋሼ ሞላ ደግሞ በሌላው ሰፈር ሲነፉ ይሰማል።

እትዬ የሻረግ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ማንም ሳይነግራቸው የእኔ ነው ብለው ነው የመጡት። ፊታቸውን ነጭተውት ደም ይወርዳል። "ደሱዬ፣ ደሱዬ" እያሉ፣ በየቀኑ ቆሎ ዘርግተው በሚቀመጡባት ድንጋይ ላይ ወደቁ። አንድ አስተማሪ ወደ በሩ ጠጋ አለና የተለጠፈውን አነበበ። መለስ ብሎም ፊልም ነው አለ። ከዚያ አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ እንባው ሳይደርቅ፣ እየተቃቀፈ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እትዬ የሻረግ ከወደቁበት ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ።

"እንኳን ውሸት ሆነልኝ፣ ልጄ" አሉኝ። "እንኳን ያንተ ሲኒማ ሆነልኝ።"

ምነው ያን ጊዜ ቢረግሙኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። ሰዉ ልጁ በሕይወት ስላለ ደስ ብሎት ነበር፤ ያን ደስታ በትኬት ሸጥኩለት።

እድሩ ግን አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩን። ዳኛው ይህ የማን ሐሳብ ነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ፊልሙን እንዲያስተዋውቁልኝ ብቻ ለመንኳቸው፤ በእድሩ ጥሩምባ ይነፋሉ ብዬ አልጠበቅሁም አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ጋሼ ሞላ ቀና ብለው አዩኝ። ዳኛው ፈቅዷል ብሎኝ ነው ማለት ይችሉ ነበር፤ አንዲት ቃል ታወጣቸው ነበር። ያሉት ግን "የነፋሁት እኔ ነኝ" ብቻ ነው። ጥሩምባውን ከብብታቸው አውጥተው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከእድሩ ተሰረዙ። ከእድር የተሰረዘ ሰው በእኛ አገር ቆሞም ቀባሪ እንደሌለው ነው። ብዙም ሳይቆዩ ሐሙሲት ከተማ፣ እኅታቸው ዘንድ ሄዱ። ባሕር ዳር ስወርድ ሚኒባሱ ሐሙሲት ሲቆም አጎነብሳለሁ፤ ጫማዬን የማስር እመስላለሁ። አንድ የገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆመው አይቻቸዋለሁ። ያዩኝ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ግን ከሚከተለው ይቀላል።

ክረምቱ ወጥቶ ገብስ ሲያሽት የደሳለኝ መርዶ መጣ። አብሮት የነበረ፣ በእጁ የቀበረው ጓደኛው ነው ይዞት የመጣው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጎህ ሳይቀድ እትዬ የሻረግ ቤት ሄዱ፤ አዲሱ ነፊም ጥሩምባውን ነፋ፤ የደሳለኝን ስም ከነአባቱ ጠራ። እትዬ የሻረግ በር ከፍተው ሰሙ። ሰምተውም ፈገግ አሉ። ጎረቤት ሊይዛቸው ቢል እንቢ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰው፣ ሽማግሌዎቹንና የልጁን ጓደኛ ከኋላቸው አስከትለው ወደ ሲኒማው መጡ። እኔ በሩን ልከፍት ቁልፍ ይዤ ቆሜአለሁ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ቀና ብለው አዩት። ማንበብ አይችሉም።

"ዛሬ ደግሞ ፊልሙን የኔን ልጅ ስም ሰጠኸው አይደል?" አሉኝ። "በስንት ሰዓት ነው?"

ሽማግሌዎቹ እኔን ያያሉ። የልጁ ጓደኛ እኔን ያያል። እትዬ፣ ይህኛው የእኔ አይደለም፣ የመጀመሪያው ነበር የእኔ ማለት ነበረብኝ። ያችን ማለት የምችል ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከሌላ ሰው አፍ አያምኗትም። ብናገር ግን በጋሼ ሞላ ላይ ያላከክሁት ሁሉ እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ይወጣል።

"ስምንት ሰዓት ነው" አልኳቸው።

አዘንኩላቸው ብዬ ልሸነግላችሁ? አዝኛለሁ። ግን ያዘንኩት ከፈራሁ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ የሻረግ አላለቀሱም። ጠጉራቸውን አልተላጩም፤ ጥቁር አልለበሱም። አርባው ደርሶ ቄሶቹ ተዝካር እንዲያወጡ ሲለምኗቸው "ለሕያው ሰው ተዝካር አይወጣም" ብለው መለሷቸው። ሰማንያውም እንዲሁ አለፈ። ሙት ዓመቱም አለፈ። አእምሯቸው ነክቷቸዋል የሚል አለ። አልነካቸውም። ቆሎውን አስተካክለው ይቆላሉ፤ መልስ አይሳሳቱም። አንድ ጊዜ ውሸት ሆኖ ያገኙትን ሞት ሁለተኛ ማመን እምቢ ብለው ነው። አዲስ ፊልም ስለጥፍ መጥተው ደሳለኝ አለበት ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የዛሬው ላይ የለም እላቸዋለሁ። እንግዲህ በሚቀጥለው ይላሉ።

አሁንም ደጋው ላይ ተኩስ አልበረደም። ባለቤቱ ሰሞኑን ደውሎ አዳራሹ ቀዝቅዟል፣ እንደዚያ ጊዜው ያለ ነገር ፍጠር አለኝ። ትናንት ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ደግሞ በመስኮቴ አየሁ፤ የወጣው ሰው ጥቂት ነው። ጎረቤቴ ከአልጋው ሳይነሣ፣ የአስናቀ ፊልም እንዳይሆን አጣራ ብሎ ልጁን ሲልክ ሰማሁት። ሰው የሞተበት ቤት ቀባሪ ሲጠብቅ ማለት ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። ጦርነት ነበር፣ ሥራ ነበር፣ ሁሉም እንጀራውን ይፈልግ ነበር የሚለውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ጋሼ ሞላ ከእኔ የባሰ ችግር እያለባቸው "የነፋሁት እኔ ነኝ" ብለዋል። እኔ የአንዲት እናት ለቅሶ ሰርቄ፣ አንድ ልጅ ያለ እናቱ እንባ መሬት ውስጥ እንዲቀር አድርጌአለሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስንት ነገ አለፈ።

ዛሬ ከሰዓት ፊልሙ ሊጀምር ሲል እትዬ የሻረግ ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እጄን በዳበሳ ነው የያዙት። በወረቀት የጠቀለሉትን ቆሎ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ደሱ ከፊልሙ ሲወጣ ሳላየው እንዳያልፈኝ፣ አንተ ስጥልኝ" አሉኝ። "አደራ።"

እሺ አልኳቸው። ቆሎው አሁን ይህን ስጽፍ ኪሴ ውስጥ ነው።