የዘሃራ ሾርባ

እስኪ እናንተው ፍረዱብኝ። ሪያድ፣ ነሲም ሰፈር በተከራየናት ክፍል አብራኝ የምትኖረው አልማዝ በትኩሳት ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ ተኛች። ጎረቤታችን ዘሃራ፣ የወሎ ሙስሊም፣ ትኩስ ሾርባ በድስት አምጥታ «እህቴ፣ ሳይበርድ አጠጫት፤ ሎሚ ይዤ መጣሁ» ብላ ወጣች።

እኛ ክርስቲያኖች እስላም ያረደውን አንበላም። ትንፋሼን ይዤ፣ ፊቴን አዙሬ ሽንት ቤት ደፋሁት።

«እትዬ፣ ርቦኛል እኮ! እግዜር ሾርባ ይቆጥራል?» አለች አልማዝ።

«ሕግ ነው፤ ቻይው!» አልኳት።

ዘሃራ ተመልሳ ባዶውን ድስት ስታይ ፊቷ በራ። «ጨረሰችው? አልሐምዱሊላህ! ምስር ነው እኮ፤ ድስቱንም የኛ ሥጋ ያልነካው ይሁን ብዬ ዛሬ ነው የገዛሁት።»

አልማዝ ከብርድ ልብሱ ሥር እጇን አውጥታ የዘሃራን እጅ ያዘች።

«ጠገብኩ፣ እህቴ» አለቻት።