ነጭ ለብሶ የመጣው ሰው

ይህ የሆነው አምና ነው፤ እዚሁ ነቀምቴ። እስካሁን ከልቤ ያልወጣው፣ ከተጋባን ጀምሮ ስለምነው የኖርኩትን ነገር በገዛ አፌ ላጠፋው ስለነበር ነው።

ባለቤቴ ገመቹ የፊዚክስ መምህር ነው። የጉቴ ከተማ ልጅ፣ ሆደ ቡቡ፣ ግን «ያላየሁትን አላምንም» ባይ። እኔ ደግሞ የአንገር ጉቲን ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ከጾም ከጸሎት ተለይቼ አላውቅም። ምኞቴ አንድ ነበር፦ አብረን መቁረብ። ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን ጥሎ አይቆርብማ!

አንድ አርብ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። መድኃኒት ገዝቼ ስመለስ ዓይኑ በእንባ ተሞልቷል።

«ነጭ የለበሰ ሰው መጥቶ እጄን ያዘኝ» አለኝ።

መልአክ ነው ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከሆስፒታል ሲወጣማ ጭራሽ ራሱ «የንስሐ አባትሽን ጥሪያቸው» አለ። የምንቆርብበት ቀን ተወሰነ።

ጉዴ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። በሰፈራችን በከኒሳ ቀሴ ባለሱቅ የሆነው ጉራጌው ከድር የገመቹ የልብ ወዳጅ ነው። ስኳር እየመዘነልኝ፣ «ያን ለታ ከጁምዓ በቀጥታ ሆስፒታል ብመጣ አንቺ የለሽም። ወላሂ፣ እጁን ይዤ አለቀስኩ!» አይለኝም? ለካ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ነበር። ስኳሩን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ባሌን አታልዬ ከቅዱስ ቁርባኑ ፊት እንዴት ልቁም? እንደምንም ደፍሬ ነገርኩት። ሳቀብኝ!

«አንቺ ደግሞ! ከድር መሆኑ ጠፋኝ እንዴ? ሽቶው ብቻ ይበቃል። ማደንዘዣው ገና ስላለቀቀኝ ስሙን መጥራት አቃተኝ እንጂ።»

«ታዲያ ምን አይተህ ነው?»

«እጄን ሲይዘኝ ‹ገለተ ዋቃ› አልኩ፤ እናቴ ፈጣሪዋን እንደምታመሰግነው። ከልጅነቴ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያመሰገንኩት ደግሞ ከድርን አልነበረም። ማንን እንደሆነ ማስረዳት አልችልም፤ ባዶ ቤት እንዳላናገርኩ ግን አውቃለሁ።»

«ይሄ ማስረጃ ይሆናል?» አልኩት።

«ተማሪዬ ቢጽፈው ዜሮ ነው የምሰጠው። ለእኔ ግን በቃኝ።»

ቆረብን። ከድር እስከ ዛሬ «ያቆረብኩህ እኔ ነኝ» እያለ ያሾፍበታል።

እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁበት። ዕድሜ ልኬን ስጸልይ ኖሬ እንዲህ ያለች ቅጽበት ደርሳኝ አታውቅም። እሑድ እሑድ ስናስቀድስ በወንዶች በኩል አሻግሬ አየዋለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ እንዴት እንደምወደው! «ለእኔም በልልኝ» እላለሁ በልቤ።